የሂልዳ ማርስደን ፊርማ

ሰኞ ጠዋት ዮፍታሄ መሳቢያውን ሲከፍት ዕቃው እንዲህ ነበር። ወርዱ ሠላሳ ሁለት፣ ቁመቱ ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ገጽ፣ በላዩም የዝናብ ካፖርት የለበሰች ፍየል ኩሬ ስትዘል። ቢጫው የካፖርት ቀለም ሦስት ቦታ ላይ ቅርፊት አንሥቷል፤ ትልቁ ምስር ያህላል። ከላይ በግራ ጥግ የሥዕሉ ተራ ቁጥር፣ 47፣ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ከታች በቀኝ፣ ካሜራ የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ደግሞ በቀጭን ብዕር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም አለ፤ ሂልዳ ማርስደን። ከስሙ አንድም ፊደል አልጎደለም። ገጹ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው ካለፈው ወር አልበረታም፣ አልቀነሰም። ዮፍታሄ ይህን ሁሉ በደብተሩ መዝግቦ መሳቢያውን ዘጋና ወደ ሥራው ሄደ።

ሥራው መሃል ናይሮቢ ባለ ክሊኒክ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ደም ማየት ነው። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜውን የበላው የድሮ አኒሜሽን ሠዓሊዎችን ፊርማና ዕቃ መሰብሰብ ነበር። ከኮምፒዩተር በፊት በነበረው ዘመን፣ ፊልሙ ላይ ለአፍታ ብልጭ የሚለው እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ወደ ፕላስቲክ ገጽ ይገለበጥና በጀርባው ቀለም ይቀባ ነበር። ገልባጮቹና ቀቢዎቹ ባብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ስማቸውን ፊልሙ ላይ የሚጽፍላቸው አልነበረም። ዮፍታሄ የሚፈልገው የእነሱን ስም ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ሃያ ሦስት ዕቃ ሰብስቧል። ፍየሏን ያገኛት እዚያው በሚኖርበት ሰፈር በኪሌሌሽዋ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት ሞተው የቤታቸው ዕቃ ሲሸጥ ነው። ባልቴቷ በወጣትነታቸው ለንደን ውስጥ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ ኬንያ ሲመጡ፣ አብራቸው ትሠራ የነበረችው ሂልዳ ለማስታወሻ ፈርማ የሰጠቻቸው ሥዕል ነው።

ሂልዳ በዓመቱ ሞተች። የስድስት ዓመት ልጇ ጆአን ግን ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዮፍታሄ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየጻፈ አፈላልጎ አገኛት። ናይሮቢ የሚሠራ ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ ሐሙስ ከሰዓት ወደ እሱ ቤት ብቅ ልትል ተቀጣጠሩ። «ከእናቴ እጅ የወጣ ነገር አንድም የለኝም» ብላ ነበር የጻፈችለት። «ዓይኔ መሃሉን ካጣ ቆይቷል፤ የማየው ዳር ዳሩን ነው። ጽሑፍ አላነብም። ስሟን በጣቴ ልነካው ይፈቀድልኛል?»

ዮፍታሄ መልስ ከመስጠቱ በፊት እጁን ታጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረው። ቀለሙ ከፕላስቲኩ በላይ የአንድ ፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ደርቋል። የሂልዳ የመጀመሪያ ፊደል ሁለት ቋሚዎች ለየብቻቸው ጣቱ ላይ መጡ። «ይፈቀዳል» ብሎ ጻፈላት።

ሰኞ እራት ላይ ጆአን ሐሙስ መጥታ ሥዕሉን ልትነካ እንደሆነ ለታላቅ እህቱ ለአስካለ ነገራት። ያሳደገችው እሷ ናት፤ ኢስትሊ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላት፣ የምትኖረውም ከእሱ ጋር ነው።

«ይሄ መሳቢያህ ውስጥ እንደ ኮመጠጠ ወጥ የሚሸተው ነው?»

«እሱ ነው እትዬ። ፕላስቲኩ ራሱ እየበሰበሰ ነው።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ስትነካካው ያ ቀለም አይረግፍም?»

«ሊረግፍ ይችላል።»

«ምን ይደረግለታል?»

«ምንም አይደረግለትም» አለ ዮፍታሄ ሹካውን እያነሣ። «ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይህን ቃል አስካለ ዘንድ መናገር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1992 በሞያሌ ወደ ኬንያ ሲሻገሩ፣ የጭነት መኪናው ላይ የወረደው ዝናብ የእሷን መታወቂያና የእሱን የስድስተኛ ክፍል ሰርተፍኬት አንድ ላይ አሟሙቶ ሰማያዊ ውሃ አድርጎት ነበር። ወረቀት የሌላት ሴት ሆና ሦስት ዓመት ፖሊስ በቆመበት መንገድ አላለፈችም። ከዚያ ወዲህ እቤቷ የገባ ወረቀት ሁሉ ሪቨር ሮድ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ላሚኔት ይደረጋል፤ በሙቀት በላስቲክ ይታሸጋል። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የክርስትና ካርዱ፣ የዮፍታሄ ዲፕሎማ፤ አንድ ጊዜማ የውሃ ቢል ሳይቀር። ዮፍታሄ ይስቅባት ነበር፤ ግን ኬንያ ውስጥ የተማረውም የተቀጠረውም በእነዚያ ላስቲኮች ነው።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ አስካለ በር ላይ ጠበቀችው።

«የኔ ጌታ፣ ና ግባ። ሴትዮህ አሁን እንደ ልቧ ትንካው!»

ፍየሏ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ታብረቀርቃለች።

«በማታቱ ሚኒባስ ስሄድ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የወሰድኩት፤ ማንም አልነካብኝም» አለች አስካለ። «የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ደግሞ አስቸገረኝ። ‹ማማ፣ ይሄ እኮ ራሱ ፕላስቲክ ነው› ይለኛል። አንተ ምን አገባህ፣ ማሽንህን አሙቅ አልኩት። መጀመሪያ ሲያወጣው አረፋ ይዞ ወጣ። ‹ሩዲያ! ድገመው!› አልኩት፤ ደግሞ አሳለፈው። ሁለተኛው ላይ ልጥፍ አለ።»

ዮፍታሄ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ጎንበስ ብሎ አየ። ከሙቀቱ የተነሣ ገጹ መሃሉ ላይ ተጨማድዷል፤ የፍየሏ የፊት እግር ወደ ሆዷ ታጥፏል። ተነሥቶ የነበረው ቅርፊት ተጨፍልቆ እንደ እንቁላል አስኳል ተለጥጧል። ፊርማው ግን ደህና ነው፤ አሥራ ሁለቱም ፊደል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ዓይኑን ጨፈነና ጣቱን አሳለፈበት። ከዚህ ጠርዝ እስከዚያ ጠርዝ ለስላሳ ነው።

«ምነው? አላማረም?»

«ስሙ ይታያል» አለ ዮፍታሄ።

«እንዴታ! አሁን ዝናብም ቢመጣ አይነካው» አለችና እራት ልታቀርብ ሄደች።

ረቡዕ ፍየሏን ወደ ክሊኒኩ ይዞ ሄደና፣ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ላስቲኩን ሊያላቅቅ ሥራ ጀመረ። ተራ ቁጥሩ ያለበትን የግራ ጥግ በጣት ጥፍር ልክ በመቀስ ቆረጠ፤ ከዚያም ጥጉን አራት ቦታ ከፋፈለው። የመጀመሪያው ላይ አሴቶን ጠብ አደረገ፤ ከላስቲኩ ሙጫ በፊት ገጹ ራሱ ሟሟ። ሁለተኛው ላይ አልኮል ሞከረ፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ምንም ለውጥ አላየም። ሦስተኛው ላይ የላቦራቶሪ ማሟሟቻ የሆነውን ዛይሊን፤ ሙጫውን ሲያለሰልስ ቀለሙንም አብሮ አጠበው። አራተኛውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠና ከአንድ ሰዓት በኋላ በመቆንጠጫ ላጠው። ላስቲኩ ተላቀቀ፤ የ7 ቁጥር ቀለምም አብሮት ሙጫው ውስጥ ተቀብሮ ወጣ። የተላጠውን ላስቲክ ገልብጦ በጣቱ ነካው፤ እሱም ለስላሳ ነው። ለንደን ላለ አንድ የድሮ ሥዕል ጠጋኝ ጽፎለት ነበር፤ ከሰዓት መልሱ መጣ። «አዝናለሁ፤ እኔም ብሆን አልሞክረውም» ይላል።

ለጆአን ስልክ ደውሎ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገራት። እሷም ቁርጡን ሰማች።

«ጣቴ ጎበዝ ነው» አለችው። «ለማንኛውም እመጣለሁ።»

ለአስካለ ግን አልነገራትም። ሁለት ጊዜ «እትዬ» ብሎ ጀመረ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ወዬ» ስትለው ሌላ ነገር ጠየቃት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆአን በታክሲ መጣች። ቀጭን ናት፤ ሰው ስታነጋግር ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፤ በዳር ዓይኗ ለማየት ነው። አስካለ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋ ፍየሏን መሃል ላይ አድርጋታለች። ዮፍታሄ የጆአንን ጣት ይዞ ከታች በቀኝ በኩል አሳረፈላት።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ይጀምራል።»

ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተመለሰ። ጥፍሯን ሞከረች። የሌላኛውን እጅ ትንሽ ጣት ሞከረች። ከዚያም ጣቷን በከንፈሯ አርጥባ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ምን እየፈለገች ነው?» አለች አስካለ በሹክሹክታ።

«ስሙን።»

«ይኸው ከፊቷ!»

«አታይም እኮ እትዬ። በጣቷ ልታነበው ነበር።»

አስካለ የጆአንን ጣት ሲሄድና ሲመለስ ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ብድግ አለች።

«መቀስ ላምጣ። ጠርዙ ይከፈታል።»

«አይከፈትም። ሞክሬዋለሁ።»

«በሙቅ ውሃስ? እንፋሎት ላይ ብንይዘው?»

«እትዬ።»

«ያ ልጅ ጋ እንውሰደው፤ የሚነቅል ማሽን አይጠፋውም...»

«እትዬ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ወደ ጆአን ዞራ፣ የሱቅ እንግሊዝኛዋን አሰባስባ ደረቷን በመዳፏ መታች። «ሚ» አለች። «አይ ዱ። ሶሪ፣ ማማ። አይ ዱ።»

ጆአን ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በዳር ዓይኗ አየቻት። «እንዳይበላሽ ብለሽ ነው» አለች። ዮፍታሄ ተረጎመላት፤ አስካለ ግን የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ እያጣጠፈች ነበር፤ መስማቷንም እንጃ።

«ከፈለግሽ መዳፍሽ ላይ ልጽፍልሽ እችላለሁ» አለ ዮፍታሄ ለጆአን። «የፊደሎቹን ቅርጽ ልክ እንዳሉት።»

«አይ፣ ተወው። እሱ ያንተ ጽሕፈት ነው የሚሆነው።»

ጣቷን አላነሣችም። ከስሙ መጨረሻ አልፋ ጠርዙ ድረስ ሄደች፤ የላስቲኩን ዳር በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አሸችው።

«ምን ያህል ይወፍራል?» አለችው።

ዮፍታሄ ረቡዕ ዕለት በውፍረት መለኪያው በማይክሮሜትር ሦስት ጊዜ ለክቶት ሦስቱም አንድ ዓይነት ወጥቶለት ነበር። በጣቷና በእናቷ ፊርማ መካከል ያለው ላስቲክ ከነሙጫው መቶ ሃያ አምስት ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ።