ወዳጅ የማይለይ መጥረቢያ

የባለልኳንዳው ቡጢ ታናሽ ወንድሙን ከነወንበሩ ገለበጠው። ዕጣ መጣያው ዳይስ ከጠረጴዛው ተንከባልሎ ጎማዎቹ ሥር ገባ፤ በወረቀቶቹም ላይ ደም ተረጨ።

"ገደልከኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ያቆየሁትን ሰው በአንድ ምት!" ሲል ጮኸ ባለልኳንዳው።

የሞተው በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር የባለልኳንዳው ፈረሰኛ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች በመካኒኩ ጋራዥ ይሰበሰባሉ፤ መካኒኩ ይተርካል፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም የየራሳቸውን ተዋጊ ፈጥረው፣ ዳይሱ በሚሰጣቸው ዕድል፣ በሌለ አገር ይዋጋሉ። ለተዋጊው ተጨማሪ ኃይል የሚሻ የዚያኑ ያህል ጉድለት በወረቀቱ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድም የፈጠረው ባለመጥረቢያ የሁለት ሰው ጉልበት ነበረው፤ ጉድለቱ፣ ደም ካየ ወዳጁን ከጠላቱ አለመለየቱ ነው። ያን ዕለት መጥረቢያው ሁለቱ አብረው የገጠሙትን ዘንዶ አንገት ቆረጠ፤ ጭንቅላቱ መሬት ሳይደርስም ዞሮ የፈረሰኛውን ደረት እስከ አከርካሪው ሰነጠቀው።

"አንተ ደግሞ ዳኛ ነኝ ትላለህ!" ሲል ባለልኳንዳው በመካኒኩ ላይ አፈጠጠ። "ሁላችንም እኩል ጉልበት፣ እኩል ጋሻ ይኑረን ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ይሄን እብድ አሁኑኑ ሰርዘው፤ አለዚያ ዳግመኛ እግሬን እዚህ አታያትም!"

"ወንድም ጋሼ፣ እኩል ከሆንማ ስማችን ብቻ ነው የሚለየው" አለ ታናሹ ከወለሉ ላይ፣ ደሙን እየተፋ።

"ዝም በል! እኔ አሳድጌህ እኔኑ ትፈልጠኛለህ?"

"ምን ላርግ? ሰውዬው እንደዚያ ነው። እጁን ከያዝኩበት እሱ መሆኑ ቀረ!"

"ዘንዶውን ሲጥልልህማ 'ወንድሜ ይኑርልኝ' ብለህ ጨፍረሃል" አለ መካኒኩ።

ባለልኳንዳው ወንበሩን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። በእጁ የቀረችውን የወንበር እግር ይዞ ሲዞር፣ ታናሹ ራሱን በሁለት ክንዶቹ ሸፈነ። ባለልኳንዳው ባለበት ደረቀ። በልጅነታቸው አባታቸው ቀበቶውን ሲፈታ ታናሹ ልክ እንዲሁ ይሸፈን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መሐል ገብቶ የሚገረፍለት እርሱ ነበር።

እንጨቱን ጣለው።

"አልሰርዘውም" አለ መካኒኩ ድምፁን ሳያነሣ። "መሄድ ከፈለግህ በሩ ያውና።"

ባለልኳንዳው አልሄደም። መሐረቡን ለወንድሙ አቀብሎ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

"ባዶ ወረቀት ስጠኝ።"

ለአዲሱ ተዋጊ ስም እንኳ ሳያወጣ፣ በጉድለት መስመር ላይ "በታናሽ ወንድሙ ላይ እጁን ማንሣት አይችልም" ብሎ ጻፈ።

መካኒኩ አነበበው። "ይሄ ከባድ ነው። ባለመጥረቢያው ሲዞርብህ መመከት እንኳ አትችልም። በምትኩ ምን ኃይል ልስጥህ?"

"ምንም አትስጠኝ" አለ ባለልኳንዳው።