እሁድ ስምንት ሰዓት፣ የዋና ዝግጅት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። አንድም ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ለመጣው ጉድ እኔን የሚከስ ሰው ካለ ይምጣ፤ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ፊርማም ማኅተምም አለው።

የከተማችን የሕዝብ ማዕከል ጸሐፊ ነኝ፣ በሥራው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማዕከል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ቢሮ፣ ከአዳራሹ ጀርባ አንድ የመዋኛ ገንዳ፣ በቃ። በየሳምንቱ ሰኞ የሳምንቱን ዝግጅቶች እጽፍና አባዝቼ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ፋርማሲው መስታወት ላይ እለጥፋለሁ። ከተማው ትንሽ ስለሆነ የኔ ማስታወቂያ ከዜና በላይ ይነበባል። ቼዝ የማይጫወት ሰው እንኳ ቼዝ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሥራ አስኪያጃችን ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው እንኳ አንዳንዴ ያዳምጣል። እሱን መምከር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንድ ጊዜ «ሦስት ሠራተኞች ለጥበቃ ተመግበዋል» የሚል ደብዳቤ አርቅቆ ሰጠኝ። ተመድበዋል ለማለት ነው እንጂ ጥበቃዎቹን ማን አበላቸው? አረምኩለት። እግዜር ይስጥልኝ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ጣቱን ቀስሮ «አንቺ የምትጽፊው እኔ የምልሽን ብቻ ነው! አንድ ፊደል እንዳትጨምሪ! አንድ ፊደል እንዳትቀንሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበትን ቀን ግን ልቤ ውስጥ ጽፌ አስቀመጥኩት።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። የማዕከሉ የዋና አስተማሪ ነው። (እዚህ ላይ አላልታችሁ አንብቡት።) ግን ገንዳው ደረቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» ይላል። ጥገናውን ወንድም ጋሼ ራሱ በመጀመሪያው ወር ጨርሶታል፤ ይከፈት ብሎ የሚፈርም ጠፍቶ ነው። እሱም በየጠዋቱ ይመጣና ባዶ ገንዳ ውስጥ ወርዶ ቅጠል ይጠርጋል፣ ሴራሚኩን ይወለውላል። አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል። እኔ አልስቅም፤ የሳቀ ካየሁ ግን አልለቀውም።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዕቅድ አወጣ። ገንዳው በአፈር ይሞላል፣ ላዩ ይደለደላል፣ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ወንድሜስ? የማቆሚያው በር ጠባቂ። ምክንያት? «የመዋኛ ገንዳው ከነዋሪው በኩል ምንም ፈላጊ ስለሌለው» ይላል ንግግሩ። ያንን ንግግር የተየብኩት በነዚህ በገዛ ጣቶቼ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ስመታ ማንን እየመታሁ እንደነበር ልቤ ያውቃል። ንግግሩ የሚነበበው እሁድ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት እንግዳ ይመጣሉ፣ እሳቸው ከሰሙ በኋላ ሰኞ አፈር የጫኑ መኪናዎች ይገባሉ። እሁድ ካለፈ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገባና «ጻፊ» አለኝ። ሲያስጽፍ መቀመጥ አይወድም።

«ማክሰኞ፣ የደም ግፊት ምርመራ። ረቡዕ፣ የስፌት ትምህርት። ሐሙስ፣ ቼዝ። ዓርብ፣ የጡረተኞች መዘምራን ልምምድ። ቅዳሜ፣ የጽዳት ዘመቻ።»

ጻፍኩ።

«እሁድ…» አለና ክራቫቱን አስተካከለ፤ የሚናገርበት ቀን ነዋ! «እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በማዕከሉ ግቢ፣ የዋና ዝግጅት መርሐ ግብር ስለሚካሄድ መላው ነዋሪ እንዲገኝ ተጋብዟል።»

ጣቴ ቆመ። እሱ ሲለው አጥብቆ ነው፤ ትልቁ ዝግጅት፣ አንደኛው፣ የሱ ንግግር ያለበት። ወረቀት ላይ ግን ማጥበቅ የለም፣ ማላላት የለም። ያችኑ «ዋና» አላልታችሁ ካነበባችኋት ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ ናት። ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ላላብኝ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ዋናው ለማለት ከሆነ አንድ “ው” ብንጨምርባት…»

«አንድ ፊደል!» አለ ጣቱን ቀስሮ። «ስለ አንድ ፊደል ምን ብዬሽ ነበር?»

«እንዳልጨምር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምንም።»

ፈረመ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ ዷ አደረገበት። እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛ ብሞክር ኖሮ ይሰማኝ ይሆን ነበር። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ የሚመለሰው እሁድ ጠዋት ነው። እኔም እየተፍለቀለቅኩ ለጠፍኩ።

ማክሰኞ ስልኩ ፋታ ነሳኝ። የፋርማሲው ባለቤት «የዋና ልብስ ግዴታ ነው ወይስ በቁምጣ ይቻላል?» አለኝ። «ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ» አልኩት፣ ሳቄን ወደ ሳል ቀይሬ። ባለ ዳቦ ቤቷ ደግሞ ራሷ መጣች። «እኔ ከወለድኩ ወዲህ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። እንደኔ ያለች ወፍራም ትገባለች?» «መላው ነዋሪ ይላል እህቴ፣ አንቺ ነዋሪ አይደለሽም?» አልኳት። እየተፍነከነከች ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ ሲንተባተብ እየታየኝ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ሰው ደረቅ ገንዳ አይቶ ተበሳጭቶ ይመለሳል፣ ስድቡን እሱ ይጠጣል፤ ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር።

ከዚያ ወንድም ጋሼ ገባ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ በእጁ ከዳቦ ቤቱ በር የነቀለውን ማስታወቂያ ይዟል።

«እቴ» አለኝ፣ «ይሄ ያንቺ ሥራ ነው አይደል?»

«የሥራ አስኪያጁ ነው።»

«እሱማ ፈርሟል። አንቺ ባትለፊ ግን አይፈርምም ነበር። እግዜር ያክብርልኝ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ዛሬውኑ ውሃ ልክፈትበት፤ እስከ ቅዳሜ ይሞላል።»

ወይኔ ጉዴ! ውሃ ይከፍታል የሚል ነገር በጭራሽ አላሰብኩም ነበር፤ ተንኮሌን ስቆፍር ወንድሜን ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ትእዛዝ ሳይኖር ገንዳ የሞላ አስተማሪ በር ጠባቂም አይሆን፣ ጭራሽ ይባረራል። አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን ወጥቶ ሄዷል። ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ዝም ያለው ቱቦ መንጎራጎር ጀመረ።

ሐሙስ ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ውሃው ጉልበቱ ደርሶ፣ ጥግ ጥጉን በብሩሽ እየፈተገ ይዘፍናል። ወንድሜ ሲዘፍን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ!

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…»

«ታውቂያለሽ» አለ ቀና ሳይል፣ «ሰው ሁሉ አብዷል ሲለኝ ያልሳቅሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዋጥ አደረግኩት። ምን ልበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በሬን ዘግቼ ራሴን ስሰድብ አመሸሁ።

እሁድ ከሰባት ተኩል ጀምሮ ሰው በጀርባው በር ጎረፈ። እኔ ቢበዛ ሃያ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። የጡረተኞቹ መዘምራን ፀጉራቸው እንዳይረጥብ የዳቦ ላስቲክ ጭንቅላታቸው ላይ አስረዋል። የፋርማሲው ባለቤት መነጽሩን በገመድ አስሮ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆሟል፤ መተንፈስ ሲያቅተው ለቀቀው። ባለ ዳቦ ቤቷ የተነፋ የጭነት መኪና ጎማ በአንገቷ አጥልቃ መጣችና ገንዳው ዳር ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ወንድም ጋሼ ፊሽካውን ነፋ።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሁለት መቶ ወንበር ተደርድሯል። የተቀመጠው ማን ነው? እንግዳዋ፣ ጥበቃው፣ ከፀሐይ ሸሽቶ ገብቶ የሚያንኮራፋ አንድ ሽማግሌ፣ እና እኔ። ሥራ አስኪያጁ በፊት በር እንግዳዋን ይዞ ስለገባ ከጀርባ ያለውን አላየም። ሰዓቱን አየ። ክራቫቱን አስተካከለ። «ሕዝባችን ትንሽ ይዘገያል» አላቸው። ከዚያ ማይኩን መታ መታ አድርጎ «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች…» ሲል፣ ከጀርባ፣ ጧ! ባለ ዳቦ ቤቷ ገባች። ጩኸቱና ሳቁ አዳራሹን አናወጠው። ሽማግሌው ባንኖ ተነሳና ድምፁን ተከትሎ ወጣ። አሁን አድማጭ ሦስት ሆንን።

እንግዳዋ ተነስተው በመስኮት ተመለከቱ። ሥራ አስኪያጁም ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማስታወቂያው ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ወረቀቱን አወጣሁ። ተዘጋጅቻለሁ፤ ግን አሁን አፉን ከፍቶ «ማን ውሃ ክፈት አለው?» ቢል ወንድሜ አለቀለት። እንግዳዋ ቀድመው ተቀበሉኝና አነበቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አላልተው።

«እንደሱ አይደለም!» አለ እሱ። «ጠብቆ ነው የሚነበበው!»

«እርስዎ አጥብቀው አስጻፉት» አልኩ፣ «ከተማው አላልቶ አነበበው። እኔ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።»

ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። እንግዳዋ ወረቀቱን አገላብጠው ፊርማውን አዩ። «እና ጠብቆ ሲነበብ፣ ዋናው ጉዳይ ምን ነበር?» አሉት ረጋ ብለው።

እሱ በእጁ የያዘውን ንግግር አየ። «ከነዋሪው በኩል ምንም ፈላጊ ስለሌለው» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እንደገና ወረቀቱን አየ። ላብ አጠመቀው። ተሳስቻለሁ ቢል ፊርማው የራሱ ነው፤ ፈላጊ የለም ቢል ፈላጊው እየጮኸ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ቆሜ የወንድሜ እንጀራ በዚህ ሰው ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ አያለሁ።

ንግግሩን አጠፈው። ደግሞ አጠፈው። ኪሱ ከተተው።

«ዋናው ጉዳይማ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይሄው… ዋናው ነው።» አላልቶ!

ማይኩን ይዞ ገንዳው ዳር ሄደ። «የተከበራችሁ ዋናተኞች!» ሲል ከተማው ሁሉ ከውሃው ውስጥ አጨበጨበ። በጥልቅ አስቦበት ያዘጋጀው መሆኑን ተናገረ። እንግዳዋ «በየሳምንቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። «በየሳምንቱ!» አለ። «አስተማሪውስ?» «አስተማሪውማ የማዕከሉ ምሰሶ ነው፣ የትም አይሄድም።» ሁለት መቶ ምስክር ፊት ነው የተናገረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰው ተበታትኖ ሲያልቅ ወንድም ጋሼ ከውሃው ላይ ጫማና የዳቦ ላስቲክ በመረብ ይለቅማል። ከእንግዲህ መሸከም አልቻልኩም።

«ወንድም ጋሼ፣ አታለልኩህ። ማስታወቂያው ስለ ዋና አልነበረም። አጥብቆ ነው ያስጻፈኝ። አውቄ ዝም አልኩህ፤ ልትባረር ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ መረቡን እያራገፈ።

«ምኑን?»

«እኔ እኮ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሳየው ከመጀመሪያው አጥብቄ ነው ያነበብኩት። ይሄ ሰውዬ ለኛ ውሃ የሚያስብ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን መጥተህ አመሰገንከኝ!»

«እንዳትነግሪኝ ነዋ። ሆድሽ ቡቡ ነው፤ ካመሰገንኩሽ ጭንቅ ይልሻል፣ ጭንቅ ካለሽ ዝም ትያለሽ። ከነገርሽኝ ደግሞ አውቄ የሞላሁ ሰው እሆናለሁ። አሁን ግን ማንም ቢጠይቀኝ ማስታወቂያ አንብቤ ነው።»

አምስት ሌሊት! አምስት ሌሊት ሙሉ ጣራ ላይ አፍጥጬ ያደርኩት ለዚህ ተንኮለኛ ነው! «እንባህስ?» ብዬ ጮህኩበት። «ዘፈኑስ?»

«እነሱ የምር ናቸው» አለ።

«ሰው ባይመጣ ኖሮስ? ምን ልትሆን ነበር?»

ውሃውን አየ። «ብቻዬን እዋኝበት ነበር» አለ። «ሰኞ ከመድፈናቸው በፊት አንድ ቀን። አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንዳያየው ብዬ ከነጫማው ገፍትሬ ውሃው ውስጥ ከተትኩት።