የዙምቡሊያ ጥላ በካፒቴኑ ግንብ

የሜሴምብሪያ ደሴት ሰው ግንበኞች ከሚሠሩበት ቦታ ሲደርስ ይሮጣል። ሽማግሌው ከዘራውን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ይሮጣል፤ እርጉዟ ሆዷን ደግፋ ትሮጣለች፤ ቄሱም ቀሚሱን ሰብስቦ ይሮጣል። ቀኑ ደመና ከሆነ ወይም ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች ግን ሁሉም እየተንጎራደደ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጥላ የለውማ! በዚያች ደሴት ግንብ የሚጸናው የሰው ጥላ በሲባጎ ተለክቶ፣ ሲባጎው ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ሲቀበር ነው። ባለጥላው ብርዱ ክረምት ሳይገባ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ቆሌ ሆኖ፣ ግድግዳውን ከውስጥ በትከሻው ደግፎ ይኖራል።

ከተማዋ ከውጭ ላያት ታችዋ ድንጋይ፣ ላይዋ እንጨት ነው። ፎቆቹ ወደ መንገዱ ከማጋደላቸው የተነሳ ጎረቤትና ጎረቤት በመስኮት ጨው ይቀባበላሉ፤ ወፍራም ሰው ከሌላ መንገድ ሚስት አያገባም፣ መተላለፊያው አያሳልፈውም። ከውስጥ ግን በየግንቡ ሰው ቆሟል። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚንሾካሾኩት ጎረቤት ፈርተው እንዳይመስልህ፤ ግድግዳው እንዳይሰማ ነው።

ባሕሩ ደግሞ ደሴቲቱን ዳር ዳሯን እንደ ዳቦ ይገምጣታል። ስንቱን መንገድ ከነቤቱ በልቷል። ውሃው ሲጠራ ዓሣ አጥማጆች የሰመጠውን ሰፈር ቁልቁል እያዩ ይቀዝፋሉ፤ አንዱማ እታች መስኮት ላይ የተቀመጠች ድመት ጠቀሰችኝ ብሎ በልጆቹ ይምላል።

ግንበኛው ዛፊሪስ የተያያዘው ከዚህ ባሕር ጋር ነበር። ካፒቴን ፓራስኮስ የሚባል ባለመርከብ ገደሉ አፋፍ ላይ ቤት እንዲሠራለት ይዞት፣ ዛፊሪስ ግንቡን ባቆመ ቁጥር ማዕበል እየመጣ ይጎትተዋል።

«ጥላ አላስገባህበትም» አለው ካፒቴኑ።

«ያንተን ላስገባው? ሰፊ ነው፣ ለሁለት ቤት ይበቃል።»

«ሞኝህን ፈልግ! እኔ ቤት የማሠራው ልኖርበት እንጂ ልሸከመው ነው? አንዱን መንገደኛ ለካ። እምቢ ካልክ ሌላ ግንበኛ አመጣለሁ። እሱ የማንን ልጅ እንደሚለካ ደግሞ አንተን አያማክርም።»

ዛፊሪስ ሰው መግደል አይወድም። ሰው ማታለል ግን ነፍሱ ነው። ከገደሉ አጠገብ ጣሪያዋ የወደቀ፣ ግማሽ ጎኗን ባሕር የወሰደው የቅድስት ባርባራ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። «ሰው ካልሆነች ማን ይሞታል?» አለ ለራሱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኗን ረጅም ጥላ ከግድግዳዋ ሥር እስከ ጫፉ ለካ፤ ሲባጎው ሲጠቀለል የጎመን ራስ አከለ። ከካፒቴኑ ቤት የማዕዘን ድንጋይ ሥር ከትቶ ኖራ ደፋበት።

ግንቡ ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች! ማዕበሉ መጣ፣ አሸተተው፣ ተመለሰ።

ዛፊሪስ ተንኮሉን ለአንድ ሰው ካልነገረ ሊፈነዳ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ዓሣ ይዞ አክስቱ ኪራ ዙምቡሊያ ዘንድ ሄደ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቷን ባሕር ከወሰደባት ጀምሮ በባርባራ ፍርስራሽ ጥግ ካለችው ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ መብራት የምታበራላት ለቅድስቷ ነው፣ ቅድስቷም ኪራይ አትጠይቃትም። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

ነገሩን ሲጨርስላት አልሳቀችም።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የለካኸው?»

«አዎ።»

«እኔ ከወደቀው ዓምድ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ ነበርኮ! ስትንፏቀቅ አይቼህ፣ ይሄ ድንጋይ ራስ ደግሞ ምን ጠፍቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ምን አለበት?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ መሬቱ ላይ አረፈ። የባቄላው ቅርጫት ጥላ አለው። የበርጩማው እግሮች ጥላ አላቸው። በበርጩማው ጥላ ላይ ግን የተቀመጠ ሰው ጥላ የለም።

መዶሻውን አንስቶ በረረ። ካፒቴኑ «ቤቴን! ኧረ ቤቴን!» እያለ ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የማዕዘኑን ድንጋይ ፈንቅሎ አወጣ። ከላይ ግንቡ አቃሰተ፤ ከታች ባሕሩ ቀና አለ። ያ ጎመን የሚያክል ጥቅል የለም። አንዲት አጭር ሲባጎ ብቻ ቀርታለች። ዛፊሪስ ጫፏን ረግጦ ሽቅብ ዘረጋት፤ ደረቱ ላይ አለቀች። ኪራ ዙምቡሊያ ስታቅፈው ራሷ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ሲባጎዋን ይዞ እያለከለከ ተመለሰ። «ይኸው! እሳት ውስጥ እጨምራታለሁ፣ ያንቺ ወዳንቺ ይመለሳል።»

«እጅህን ሰብስብ!» አለች። «አቃጥላትና ፓራስኮስ ነገ የአንዷን ልጅ ያስለካል። ለመሆኑ ያ ቤት የቆመው የት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ገደሉ ላይ ነዋ።»

«ጓሮዬ ላይ ነው! የበለስ ዛፌ የነበረው እዚያ ነው። ሌላው መንገዳችን ሁሉ፣ መቃብሩም ጭምር፣ ከውሃ በታች ነው፤ የቀረችው ያቺ ጥግ ናት። ስሞት ወዴት ልትወስዱኝ ነው? በጀልባ አሻግራችሁ የሰው አገር አሸዋ ውስጥ። ማንን አውቃለሁ እዚያ?»

«እና ገድዬሽ ልኑር፣ አክስቴ?»

«ኧረ ወዲያ! አንተ ብሎ ገዳይ! ጉልበቴ ነው የገደለኝ። አንተማ ቤት ሠራህልኝ።»

«ካፒቴኑስ?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ዛፊሪስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ባቄላዋን ፈልፍላ ጨረሰች፣ ክንዱን ይዛ ተነሳች፣ አብራው እስከ ገደሉ ሄደች። ሲባጎዋን በገዛ ራስ መሸፈኛው ጠቅልሎ መልሶ ሲያስቀምጣት አጠገቡ ቆማ «ቀና አድርጋት፤ ወደ ባሕሩ ዞራ ትተኛ፣ መንገዳችንን እንድታይ» አለችው። ድንጋዩን መለሰ። ግንቡ ማቃሰቱን አቆመ።

መከር ሲያልቅ፣ ክረምት ደጅ ሲደርስ ዐረፈች። በመጀመሪያው ማዕበል ቅድስት ባርባራ ከነዓምዷ ተንሸራታ ባሕር ገባች፤ ጥላዋ ተወስዶ ምን ትጠብቃለች? የካፒቴኑ ቤት ግን አንድ ጠጠር አልጎደለበትም። ውሃው እስከ ግንቡ እየመጣ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጎን ያልፋል።

ካፒቴኑ እዚያ ያደረው ጥቂት ሌሊት ብቻ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ አይከፈትለትም፤ ሲሳደብ ደረጃው ከሥሩ አንድ እርከን ይቀንስበታል፤ ጠዋት ሲነሳ አልጋው መስኮቱ ሥር ተገትሮ፣ ፊቱ ወደ ሰመጠው መንገድ ዞሮ ያገኘዋል። መርከቡ ላይ ማደር ጀመረ። ላይኛውን ፎቅ የሚለስን ግንበኛ ቢፈለግ ሁሉም እምቢ አለ።

ዛፊሪስ ሄደ። ብቻውን፣ በቀትር፣ ጣሪያውን ለሰነ። ከመሰላሉ ወርዶ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ጣቶች ፀጉሩን ሲነካኩ ተሰማው። የደረቀውን ኖራ ፍርፋሪ አንድ በአንድ እየለቀሙ ነበር። አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አለፈ። ዛፊሪስ አልዞረም። እንዲመቻት ራሱን ዝቅ አደረገላት።