ልጄ በማን አንደበት ትናገር?

ቀኑ መሽቶ፣ የጅማ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ያለ ማቋረጥ እየወረደ ሳለ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በገዛ ቤቴ እንደተሸነፈ ሰው እብሰለሰል ነበር። ስሜ ይትባረክ ይባላል፤ በከተማችን ሬዲዮ የአማርኛ ዜና አነባለሁ። ታክሲ ውስጥ ድምፄን ሰምተው “አንተ ነህ እንዴ?” እያሉ የሚጨብጡኝ ብዙ ናቸው። ይህ ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው ድምፅ ግን ከአንዲት ሕፃን አፍ አንዲት ቃል ማውጣት ተስኖት ነበር።

ሕፃኗ ልጄ ኦብሴ ናት፤ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው፤ ባለቤቴ አያንቱ ኦሮሞ ናት። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮም አማቴ አዴ ዳሚ ከአጋሮ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ ልጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ “ውሃ በይ፤ ውሃ!” እያልኩ ስለማመጣት ስንት ሳምንት አልፏል። እርሷም አፌን ትክ ብላ ታይና ዝም ትላለች። ያን ዕለት እራት ላይ ግን ወደ ብርጭቆው እጇን ዘርግታ፣ በአያቷ ፊት፣ ጥርት ባለ ድምፅ “ቢሻ!” አለች። ቢሻን በአፋን ኦሮሞ ውሃ ማለት ነው።

አዴ ዳሚ እልልታውን አቀለጡት። አያንቱ እንባዋ መጣ። እኔ ግን ቅናት እንደ ቃር ደረቴን አቃጠለኝ።

“ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤” አልኩ። “ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ሕፃን ይምታታበታል፤ አፉም ቶሎ አይፈታም ይላሉ።”

“እነማን ናቸው የሚሉት?” አለች አያንቱ።

“ሰው ሁሉ።”

“ሰው ሁሉ አይደለም፤ ቅናትህ ነው። እናቴ አማርኛ እንደ ልቧ እንደማትችል እያወቅህ፣ ልጅቷን አፏን ዘግታ ትዘላት?”

አዴ ዳሚ አልተቆጡም። ልብሳቸውን በነጠላ ቋጠሩና “ነገ ወደ አጋሮ እሄዳለሁ፣ ልጄ። ሕፃን ታቅፌ ዝም ማለት አልችልም፤” አሉኝ። ይቅሩ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እንደተኮሳተርኩ ገብቼ ተኛሁ።

እንቅልፍ እንደወሰደኝም፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ ግን የወጣት የሆነ አንዲት ረዥም ሴት ከራስጌዬ ቆማ አየሁ። “ተነሥና ተከተለኝ፤” አለችኝ።

“እርስዎ ማን ነዎት?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ሕፃናት አፋቸውን ከመፍታታቸው በፊት የሚሰሙትን ሁሉ የምጠብቅ ነኝ። አንተ የተመኘኸውን አገር ላሳይህ መጥቻለሁ።”

ተከተልኳት። ቅጥሩ ከፍ ያለ፣ ጎዳናው የተጠረገ፣ ነገር ግን የሰው ድምፅ የማይሰማበት ከተማ ደረስን። በዚያ ከተማ እያንዳንዱ አባወራ ለቤቱ አንድ ቋንቋ መርጦ አውጇል፤ ያን ቋንቋ አሳምሮ የማይናገር ሰው ሁሉ ሕፃን ሲቀርብ አፉን በሻሽ እንዲያስር ታዟል። በአንድ በር ስንገባ፣ አንዲት እናት አፏ ታስሮ ልጇን ታወዛውዛለች። ልጁ ጣቱን ሰድዶ ሻሹን ይጎትታል፤ እርሷም እጁን ቀስ አድርጋ ትመልሳለች። በሌላው ቤት አያቶች ተባርረው፣ ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ በሚለፈልፍ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረዋል። ዓይናቸው ፈጥጧል፤ አንዳቸውም ግን ድምፅ አያሰሙም።

“ይህን ያህል ንግግር እየሰሙ ስለምን አይማሩም?” አልኳት።

“ሳጥኑ መች ይጠብቃቸዋል? ሕፃኑ ‘አ’ ሲል ‘ምን አልከኝ?’ ብሎ ዓይኑን የሚያየው ይፈልጋል። ቋንቋ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚገባው።”

“እንግዲያስ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚነገርበት ቤት ሁሉ እንዲህ የጠፋ ነው?”

“አይደለም፤” አለችኝና በድንጋይ ድልድይ አሻግራ ወደ ሌላ አገር አወጣችኝ።

ያ አገር ከሩቁ ጀምሮ እንደ ገበያ ይንጫጫ ነበር። ትንሽ ልጅ ያለው ሠራተኛ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ እንዲገባ ሕግ ወጥቷል፤ ለሕፃን የሚያወራ አዛውንትም በመንደሩ እንደ ሹም ይከበራል። በመጀመሪያው ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። አባትየው ብርቱካን እየላጠ “ይኸው ልጣጩ ወረደልህ!” ሲል ሕፃኑ “ባባባ” አለ። አባትየውም ቢላዋውን አስቀምጦ “እንዴ! ከዚያስ?” አለው፤ እስኪመልስለትም ጠበቀ። “ይህ ቤት ምን ጎደለው?” አለችኝ መሪዬ። ምንም እንዳልጎደለው አየሁ።

በሚቀጥለው ቤት አባት አማርኛ፣ እናትና አያት አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ። መሪዬ የቤቱን ሕፃን ተቀብላ አቀፈችና፣ ከጀርባው ሆና “ደ፣ ደ፣ ደ፣” እያለች ቆይታ፣ በድንገት “ዸ!” አለች።

“ምን ሰማህ?” አለችኝ።

“ያንኑ ደጋግመው አሉት።”

እቅፏ ላይ ያለው ሕፃን ግን፣ ድምፁ በተለወጠባት ቅጽበት ዘወር ብሎ አፏን አየ። እኔ በድምፄ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ በዚያ ጥርስ ባላወጣ ልጅ ጆሮ ቀናሁ!

“በእናቱ ማኅፀን ሳለ የድምፅዋን ዜማ ለይቷል፤” አለችኝ። “ሲወለድም በዓለም ያለውን የቋንቋ ድምፅ ሁሉ ለመለየት ጆሮው ክፍት ነበር። ዓመት እየደፈነ ሲሄድ ግን፣ የሚያናግሩት ሰዎች የሚያወጡትን ድምፅ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላውን ቀስ በቀስ ይተዋል። አሁን ያልለየኸው ‘ዸ’ በአማርኛ የሌለ የአፋን ኦሮሞ ድምፅ ነው፤ የአንተም ጆሮ በልጅነትህ እንዲሁ ትቶታል።”

“ሁለት ሲሆንበት አይምታታበትም?”

እርሷ ሳትመልስልኝ አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ አየን፤ ተከትለን ገባን። ሰውየው “የጎረቤቴ ልጅ ብዙ ቃል ያውቃል፤ የኔ ግን ጥቂት ነው፤” ብሎ አማረረ። ሐኪሟ “በእናቱ ቋንቋ የሚያውቀውንስ ቆጥረህለታል?” አለችው። አልቆጠረም ነበር። የሁለቱ ቋንቋ ቃላት አብረው ሲቆጠሩ ልጁ ከጎረቤቱ ልጅ አላነሰም። “በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቢቀላቅልም አትደንግጥ፤” አለችው፤ “ያለውን ቃል ከሁለቱም ወገን እያነሣ መጠቀሙ ነው።”

ከዚያ ስንወጣ፣ በአንድ በረንዳ ላይ እንደ እኔው ዜና አንባቢ የሆነ ሰው ከአማቱ ጋር ተቀምጦ አየሁ። ሴትዮዋ በቋንቋቸው ይነግሩታል፤ እርሱም አበላሽቶ ይደግማል፤ መሐላቸው የተቀመጠው ሕፃን ሁለቱን እያፈራረቀ እያየ ይስቃል። ይህን ሰው ሳይ ቅናቴ ከራት ሰዓቱ ባሰ።

“ይህ ሰው አይቀናም?” አልኳት።

“ራሱን ጠይቀው።”

ጠየቅሁት። “እንዴት አልቀናም!” አለኝ። “ልጄ ሲደነግጥ የሚጠራው በእናቱ ቋንቋ ነው። አንጀቴ ይቃጠላል። ነገር ግን በቀናሁ ቁጥር እነርሱን ዝም አላሰኝም፤ እኔ አብዝቼ አወራዋለሁ።”

እፍረት ይዞኝ አንገቴን ደፋሁ። መሪዬ ትከሻዬን ነካችኝ። “ኦብሴ ዛሬ ሁሉንም ትሰማለች። አያቷ ከሄዱ ግን ከእርሳቸው አፍ የምትሰማው ይቋረጣል። ለዚህ አገር ሰዎች ይህን የሚነግራቸው ሌላ አልነበረም፤ እንደ አንተ ያን ድምፅ የሌለበትን ከተማ አይቶ የተመለሰ ሰው ነው የነገራቸው። አሁን ተመለስ።”

ነቃሁ። ነግቷል፤ ዝናቡም አባርቷል። የአዴ ዳሚ አልጋ ባዶ ነበር። አያንቱ ልጅቷን አዝላ በር ላይ ቆማለች።

“ሄደች፤” አለችኝ ሳታየኝ።

ሸሚዜን በወጉ ሳልቆልፍ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የአጋሮው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል፤ አዴ ዳሚ መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል። በሩን ያዝኩና፣ የማውቃትን ጥቂት አፋን ኦሮሞ ሰብስቤ “አዴ፣ ሂን ዴሚን!” አልኳቸው፤ እናቴ፣ አይሂዱ ማለቴ ነበር።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። አዴ ዳሚ ግን አልሳቁም። “እንደሱ ለእኩያህ ነው፤ ለትልቅ ሰው ‘ሂን ዴሚና’ ነው የሚባለው። በል።”

“ሂን ዴሚና።”

“እንደገና።”

“ሂን ዴሚና፣ አዴ።”

“ምን ሆነህ ነው በጠዋት?” አለኝ ሾፌሩ። እኔም በሩን እንደያዝኩ ከእራቱ ጀምሬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሾፌሩ መሐል ላይ ሞተሩን አጠፋ። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ከፊት ወንበር ዞራ “እና እኔ ኦሮሞ ነኝ፤ ባሌ አማራ ነው። በሁለቱም እናናግረው?” አለችኝ።

“በሁለቱም። የሚያናግረው ሰው ብቻ አይጥፋ።”

ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እንደምናገር እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ ከዚያ በኋላም ተናግሬያለሁ። አዴ ዳሚ በበኩላቸው ለተሳፋሪዎቹ በአፋን ኦሮሞ ረዘም ያለ ነገር ነገሯቸውና ሚኒባሱ ሁሉ እንደገና ሳቀ። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያ ቃር የሚመስል ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሣ።

“ምን አሏቸው?” ስል ለመንኳቸው።

“አልተረጉምልህም፤” አሉኝና ክንዴን ተደግፈው ወረዱ። “ተምረህ ትሰማዋለህ።”