የኦቦ ቀጄላ የእግር ድጋፍ

ብዙነሽ ቡራዩ ውስጥ የመኪና ስፖኪዮና የሞተር ሳይክል ክዳን የመሳሰሉ ትንንሽ ዕቃዎችን በስስ የካርቦን ጨርቅ ማልበስ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ሥራውን የለመደችው ሰበታ፣ የፋይበር ውሃ ታንከር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እጇ ያረፈበት ዕቃ እንደ ጥቁር መስታወት እያብረቀረቀ ይወጣል፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች፣ ደንበኞቿም ያውቁታል።

በዚያ ታኅሣሥ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ታክሲ ጠፍቶ ነበር። ኦቦ ቀጄላ በከዘራ እየተደገፉ ሱቋ የገቡት ያን ሰሞን ነው። በልጅነታቸው ፖሊዮ ያቀጠነውን ግራ እግራቸውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ድጋፍ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ተሰንጥቋል። የሚያስጠግኑበት ሐኪም ቤት አዲስ አበባ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ የመሬታቸው ጉዳይ በሚነሳበት ስብሰባ ላይ የአካባቢውን ገበሬዎች ወክለው ይናገራሉ።

«የጌጥ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሏት። «ትችያለሽ?»

ብዙነሽ ሰው የሚቆምበት ነገር ሠርታ አታውቅም። አውልቀው የሰጧትን ድጋፍ ገልብጣ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ተራ ፕላስቲክ ቢሆን ሙጫ አይዘውም ነበር፤ ይሄኛው ግን ልክ እንደነዚያ ታንከሮች ከፋይበር የተሠራ ነው።

«ነገ ስድስት ሰዓት ይምጡ። አንቱ የሚናገሩትን ያስቡ፣ ይሄን ለእኔ ይተዉት።»

ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት አሻክራ ብናኙን ጠረገች። ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ከማድረቂያው ጋር መዝና ቀላቀለችና በብሩሽ ስስ አድርጋ ቀባች። ጣት ላይ መጣበቅ ሲጀምር ጨርቁን አለበሰችው። ለስፖኪዮ አንድ ድርብ ይበቃል፤ ለዚህ አራት ደረበች፣ ከሥሩ የታፈነውን አየር በጣቷ እየገፋች።

የመጨረሻውን ድርብ እያለበሰች ሳለ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሰዎች በደጇ እየሮጡ አለፉ፣ መብራትም ጠፋ። በሩን ዘጋችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያለ ማሞቂያው አምፖል ሙጫው በዚያ ብርድ እስከ ነገ እንደማይደርቅ ገብቷታል። ስለዚህ በላምባ ምድጃ ውሃ አሙቃ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞላች፣ ድጋፉን ዙሪያውን በጠርሙሶቹ ከባ በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ሲቀዘቅዙ እየለወጠች ቀኑን ዋለች።

ጠዋት የተጠገነውን ቦታ በሁለት ብሎኬቶች መካከል አድርጋ ራሷ ቆመችበት። ዘለለችበትም። ቅንጣት ድምፅ አላሰማም።

ኦቦ ቀጄላ በሰዓታቸው መጥተው አጠለቁት። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሱቁ ውስጥ ሁለቴ ተመላለሱ፤ መርቀዋት ወጡ።

በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። የመሬቱ ነገር ገና አልተቆረጠም። እሳቸው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግረዋል።

«ወንበር አቀረቡልኝ» አሏት። «ተቀምጬ ብናገር ልመና ይመስልብኝ ነበር። ቆሜ ጨረስኩት።»

ከኋላቸው ከሱሉልታ የመጣች የሺወርቅ የምትባል ዘመዳቸው ቆማለች፤ እሷም ድጋፏ ተሰብሮባታል። ብዙነሽ እጇን ይዛ አስገባቻትና የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያማት ጠየቀቻት።