የረፊቅ የሐሙስ ቀጠሮ

«አልቅሺ እንጂ! ይውጣልሽ!» አሉ እትዬ ዓቢዳ፣ የዙልፋን ጉልበት እየደባበሱ።

ዙልፋ ግን እንባ ጠብ አላላትም። ባሏ ረፊቅ በወባ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሰው አገር፣ ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ሥር፣ ሴቶቹ ውስጥ ፍራሽ ላይ። እሷ የሟቹን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ታፈጥበታለች።

ነገሩን የለኮሱት እኚሁ ዓቢዳ ናቸው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከረፊቅ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አፋቸው ደግሞ አያርፍም። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠጋ ብለው፣ «አላህ ይዘንለትና፣ ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሱቅ አይገኝም ነበር እኮ። ሽቶ ተቀብቶ ነው የሚወጣው። የምታውቂው ነገር አለ?» አሏት።

ወይ ሰው! ለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል? ግን ከተባለ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዙልፋ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ረፊቅም አያነብም ነበር። የቤቱ አንባቢ ልጃቸው ኢፍራህ ናት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ።

«ምን ይላል?»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ማስታወቂያ ነው ኡሚ። የስልክ ካርድ» አለችና ቶሎ ብላ አጠፋችው።

የካርድ ማስታወቂያ ሰው ያስደነግጣል? ይቺ ልጅ የአባቷን ጉድ ታውቃለች! ሌላ ሚስት አለችው፣ ምናልባትም ሌላ ልጅ። «የማን ባል ብዬ ነው የማለቅሰው?» አለች ዙልፋ በሆዷ። ሄዳ እንዳታጣራ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። እዚያው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ በንዴት መብገን ሆነ ሥራዋ።

ረፊቅ እንዲህ ያለ ሰው ነበር እንዴ? በታኅሣሥ ከተማው በተኩስ በታመሰ ጊዜ ሌላው ሰው ልጁን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ «የኔዋ እዚሁ ዓይኔ ሥር ትማር» ያለ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ስለ ክፍል ሥራና ስለ ቤት ሥራ ለወላጅ በስልክ ይጽፋል። እራት ሲቀርብ ስልኩን ለኢፍራህ ያቀብላታል። እሷም «ኢፍራህ ጎበዝ ናት፣ ሁሉንም ሠርታለች ይላል» ብላ ታነባለች። በማግስቱ የገበያው ተሸካሚ ሁሉ በረፊቅ ሒሳብ ለስላሳ ይጠጣል።

ከሚያዝያ ወዲህ ግን ግብዣው ቀረ። ልጅቷን ትክ ብሎ ያይና፣ «ሌላስ? የምትነግሪኝ ነገር የለም?» ይላታል። «የለም አቢ» ትላለች። ያኔ ዙልፋ ልብ አላለችውም። አሁን ግን ምስጢሩን እንዳታወጣበት ሲፈትናት የነበረ መሰላት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አሥር ሰዓት ሲል ስልኩ ጮኸ። ኢፍራህ ጓዳ ናት። ዙልፋ፣ ከለቀስተኞቹ መካከል ቶንፒንግ ሰፈር ቢሮ የምትሠራውን፣ እንግሊዝኛ የምታነበውን የምስራች የምትባለውን ሴት እጇን ይዛ መኝታ ቤት አስገባቻት።

«በአላህ፣ አንብቢልኝ። እንዳትደብቂኝ። ሴት ናት አይደል?»

የምስራች አየችው። «አዎ፣ ሴት ናት።»

ዙልፋ አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

«ቆይ እንጂ፣ የኢፍራህ የሒሳብ አስተማሪ ናት። “አቶ ረፊቅ፣ ኢፍራህ ሰሞኑን ከክፍል ቀርታለች፤ እርስዎም ዛሬ አልመጡም። እንደ ሌላው ሐሙስ ሁሉ ደብተሯን ላሳይዎት ይዤ ጠበቅኩ። አምስት የቤት ሥራ አላስረከበችም። በሚያዝያ መልእክቴን ሌላ ሰው አስነብበው ከመጡ ጀምሮ፣ በጠየቁኝ መሠረት፣ ማወቅዎን አልነገርኳትም። ራሷ ትንገረኝ፣ እጠብቃታለሁ ብለውኝ ነበር። ፈተና ግን ደርሷል። እስከ መቼ እንጠብቃት?” ነው የሚለው።»

ዙልፋ አፏን በእጇ ያዘች። ሽቶው! ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ አስተማሪ ፊት ሊቀርብ ነበር የሚሽቀረቀረው። «ሞቶም አላሳርፍ አልኩት!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ኢፍራህን ጠራችና ስልኩን ሰጠቻት።

«አንብቢልኝ።»

«ማስታወቂ…» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ግን ወደ ታች ወረደ፣ እስከ መጨረሻው።

«አቢ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«“ሌላስ?” ሲለኝ?»

«እየጠበቀሽ ነበር።»

ኢፍራህ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀ ተማሪ፣ «አምስት አልሠራሁም» አለች። «ሒሳብ አይገባኝም አቢ… ኡሚ። መጀመሪያ አንዴ ነበር የዋሸሁት። ለሰው ሁሉ ለስላሳ ገዝቶ “ልጄ!” ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገረው?»

ዙልፋ የጥቁር ሻርፗን ጫፍ ይዛ የልጅቷን አፍንጫ ጠረገችላት። ቀጥላ በዚያው ጫፍ የራሷን ዓይን።