ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለ ዩካ

ጸጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ቃሪያ እንኳ ተክሎ አያውቅም። ታዲያ ያን ሰሞን አራት የዩካ ችግኝ ተሸክሞ ከች ሲል ሚስቱ ደስታዋን አልቻለችውም። "ግቢያችን ሊያምር ነው!" አለች። እሱ ለግቢው ማማር የተጨነቀ መሰላችሁ? ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

የአማቱ ቤት ከእነሱ ቤት ጀርባ ነው። ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር፣ በቀጭኗ መንገድ ሰተት ብለው ወጥ ቤት ይገባሉ። ድስት ከፍተው "ጨው አነሰው" ይላሉ። እሱ በቁምጣ ቆሞ ጥርሱን ሲታጠብ ያገኙትና "ልጄ፣ ከሳህ እኮ" ይሉታል። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ እሱን ግን አንገሸገሸው። አይምጡ እንዳይል ሚስቱን ፈራ። ስለዚህ ዩካው ይናገርልኝ አለ! ቅጠሉ እንደ ወስፌ የሾለውን መርጦ ከመንገዷ ግራና ቀኝ አስጠግቶ ተከለው። ወይ ሰው!

አማቱስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በጎን በጎን እየተራመዱ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ጭራሽ ለጎረቤቱ ሁሉ "የልጄ ባል የማልፍበትን መንገድ አበባ ተከለበት" እያሉ ያወሩለት ጀመር። ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው "ጎበዝ፣ አማት እንዲህ ነው የሚከበር!" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ መቀሱን ያንቀጫቅጫል።

አንድ ሰሞን የአማቱ ድምፅ ጠፋ። ሚስቱ ሄዳ ብታይ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል። ባልና ሚስቱ ተሸክመው ክሊኒክ ወሰዷቸው።

"ምን ወጋዎት እማማ?" አለች ነርሷ ቁስሉን እየጠረገች።

"የአጥሬ ሽቦ ነው" አሉ፣ አማቻቸውን ሳያዩ።

ሚስቱ ቀና አለች። የእናቷ አጥር ድፍን ግንብ ነው፤ ሽቦ የሚባል አልፎበት አያውቅም። ባሏን አየችው። ለካ አሮጊቷ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"ዩካው ነው" አለ በመጨረሻ። "እንዳይመጡ ብዬ ነው የተከልኩት።"

ሚስቱ ፊቷን ወደ እናቷ እግር መለሰች። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ተው አንተ፣ ሰው ፊት!" አሉ አማቱ፣ እሳቸው አፍረውለት።

በማግስቱ ጸጉር ቤቱን ዘግቶ አካፋ አነሳ። ዩካ መንቀል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ክንዱን እየቧጨረው "ይበለኝ" እያለ እስከ ሥሩ ቆፈረ፣ መንገዷንም ጠረገ።

የአማቱ እግር ዳነ። መምጣታቸውንም አልተዉም፣ እግዜር ይስጣቸው። ብቻ አሁን ዞረው በዋናው መንገድ ነው የሚመጡት። ደወሉን ተጭነው ውጭ ይጠብቃሉ። ሲከፈትላቸው "አላስቸገርኩም?" ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ወጥ ቤት ዝር አይሉም።

"በጓሮ ይምጡ እንጂ እማማ፣ ምን አዞርዎት? መንገዱ እኮ ተጸዳ" አላቸው አንድ ቀን።

"አይ ልጄ" አሉት ፈገግ ብለው፣ "የሰው ቤት ሲሄዱ በፊት ለፊት ነው።"

በገዛ ሳሎኑ የሚገባበት ጠፋው።